ሁሉም ኢዮሲኖፊል የትል አይደለም

የዚህን ወር ጽሑፍ በጫማ ልጀምር።

ለመስቀል ሉማሜ ሄጄ ነበር። የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ መንገድ ላይ የምታገኟት፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። አክስቴ ቡና ልታፈላ ከጓዳ ስትወጣ አንደኛው ኮንጎ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ቀረ። እሷ ግን አላወቀችም፤ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ባዶዋን ሆና እስከ ረከቦቱ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ጫማሽ ቀረ» አልኳት።

ወደ እግሯ አየችና ሳቀች። «ተወው፣ ይኸ እግሬ ጫማ መያዝ ካቆመ ሁለት ሳምንቱ ነው። መጋኛ ነው ይሉኛል።»

ሐኪም ለበዓል ሲሄድ ዓይኑን ቤት አስቀምጦ አይሄድምና አረማመዷን አየሁት። ቀኝ ጉልበቷን ከወትሮው ከፍ ታደርጋለች፤ የእግሯ ጣቶች ወደ መሬት ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ስታሳርፈው ጠፍ የሚል ድምፅ ያሰማል። እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ግራ እጇንም ስጠይቃት ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ እንደሚደነዝዛት ነገረችኝ። ቀኝ እግርና ግራ እጅ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ። የስኳር በሽታ ነርቭን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም እግር ጫፍ ጀምሮ እኩል ይወጣል እንጂ እንዲህ እየመረጠ አይመታም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አክስቴ 48 ዓመቷ ነው። አስም የጀመራት በ44 ዓመቷ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ስልክ ደውላ «ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ ማታ ማታ ያፍነኛል» ስትለኝ «የጭስ ነገር ነው፣ ከምድጃው ራቂ፣ ፓፍ ያዢ» ብዬ ዘጋሁ። አፍንጫዋ ሁልጊዜ ይደፈናል፤ «ሳይነስ ነው» አልኩ። በየሦስት ወሩ ሲብስባት የአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን ይሰጣታል፣ ይሻላታል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። እኔም «አስም እንዲህ ነው» እያልኩ አራት ዓመት አለፈ።

ያን ዕለት የምርመራ ወረቀቶቿን አምጪ ስላት ከሣጥን ውስጥ አንድ ፌስታል አወጣች። የቅርቡ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ 14,000፣ ኢዮሲኖፊል 38 በመቶ ይላል። ከጎኑ በእስክሪብቶ «የትል መድኃኒት ይሰጣት» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንደዚሁ።

ኢዮሲኖፊል የምንለው ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ነው። መቅኔ ውስጥ ይሠራል፣ ደም ውስጥ ከአንድ ቀን ያነሰ ይቆያል፣ ከዚያም ወደ አንጀትና ወደ ሌሎች አካላት ይገባል። ስሙን ያገኘው ኢዮሲን ከሚባለው ሮዝ ቀለም ነው፤ ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ በ1879 እ.ኤ.አ. የደም ጠብታን በዚህ ቀለም ሲነክር ፍሬዎቻቸው ደምቀው የታዩትን ሕዋሳት ለይቶ ሰየማቸው። እነዚያ ፍሬዎች መርዝ የተሞሉ ከረጢቶች ናቸው። ለአንድ ነጠላ ሕዋስ የማይዋጥ ትልቅ ጠላት ሲመጣ፣ ለምሳሌ ትል፣ ኢዮሲኖፊሎች ይከቡትና መርዛቸውን ይረጩበታል። ጠላት በሌለበት ሲረጩ ግን የሚቃጠለው የራሳችን አካል ነው።

ወረቀታችሁ ላይ ያለውን በመቶኛ ብቻ አትመልከቱ። ጠቅላላውን የነጭ ሕዋስ ቁጥር በመቶኛው አባዙት። የአክስቴ 14,000 በ38 በመቶ ሲባዛ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 5,320 ይሆናል። ጤናማው እስከ 500 ድረስ ነው። ከ1,500 በላይ ሲሆንና ሲቆይ «ለምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በእኛ አገር የመጀመሪያው መልስ ትል መሆኑ ስንፍና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ወስፋት፣ የመንጠቆ ትል፣ ቢልሃርዚያ፣ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ቀጭን ትል፣ ሁሉም ኢዮሲኖፊልን ከፍ ያደርጋሉ። የወስፋት እጮች በሳንባ ሲያልፉ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና ራጅ ላይ የሚታይ ጥላ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ይህ ግን በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። አለርጂና አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር።

መንገዴን ለአፍታ ልልቀቅና አንድ የአገራችንን ጉዳይ ላንሣ። ጅማና በዙሪያዋ የተደረጉና በ1997 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጡ ጥናቶች ነበሩ። የመጀመሪያው አስምና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከጅማ ከተማ ይልቅ በገጠሩ በጣም ያነሰ መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው ደግሞ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ይህ ዓይነቱ ትንፋሽ እንደሚቀንስላቸው ጠቆመ። ትሉ ለራሱ መኖር ሲል የሰውን የመከላከያ ኃይል ያለዝባል የሚል ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተመርምሯል። ትል ይኑርባችሁ እያልኩ አይደለም፤ ደም ማነስ ያመጣል። የምለው በ44 ዓመቷ ገጠር ቀመስ ከተማ ውስጥ ከባድ አስም የጀመራት ሴት፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ልታደርገው ይገባ ነበር ነው።

የበሽታው ስም ረጅም ነው። በአማርኛ ላቅልለውና «ከኢዮሲኖፊል ጋር የሚመጣ የደም ሥር ብግነት» ልበለው። ሐኪሞች ኢጂፒኤ ይሉታል፤ ቀደም ሲል ቸርግ ስትራውስ ይባል ነበር። ጃኮብ ቸርግና ሎተ ስትራውስ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ማውንት ሲናይ ሆስፒታል አብረው የሠሩ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ነበሩ። በ1951 እ.ኤ.አ. ከባድ አስም፣ ትኩሳትና ከፍ ያለ ኢዮሲኖፊል የነበራቸውን 13 ሕሙማን ታሪክ አሳተሙ። ትንንሽ የደም ሥሮቻቸው ግድግዳ ተቆጥቶ፣ ዙሪያውን በኢዮሲኖፊል ተሞልቶ አገኙት። ስሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ተቀየረ። በሽታው ብርቅ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በተቆጠረባቸው ቦታዎች ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ናቸው ያሉበት። አይተላለፍም፤ ከእናት ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርድም አይደለም።

በአብዛኛው በሦስት እርከን ይመጣል፤ እርከኖቹ ግን ሁልጊዜ ተራ አይጠብቁም፤ አንዳንዴም ይደራረባሉ። መጀመሪያ አፍንጫና ሳንባ ነው፤ የማይለቅ ሳይነስ፣ አፍንጫ ውስጥ እንደ ወይን ፍሬ የሚንጠለጠል ፖሊፕ፣ በጉልምስና የጀመረ አስም። ከ10 ሕሙማን ከ9 በላይ የሚሆኑት አስም አለባቸው። ይህ እርከን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ቀጥሎ ደም ውስጥ ያለው ኢዮሲኖፊል ያሻቅብና ወደ አካላት ይገባል፤ ሳንባ ላይ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚታይ ጥላ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ሦስተኛው የደም ሥር ብግነት ነው፤ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ እግር ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ሐምራዊ ነጠብጣብ፣ የነርቭ መመታት፣ ልብ፣ ኩላሊት። ነርቭን የምትመግበው ቀጭን የደም ሥር ስትዘጋ ነርቩ ይራባል፤ የአክስቴ ጫማ የወለቀው ለዚህ ነው። የሚገርመው አንዳንዶች እዚህ እርከን ሲደርሱ አስማቸው ጋብ ይላል። ቤተሰቡ «ተሻለው» ይላል።

በየሦስት ወሩ የሚሰጠው ያ የአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ሌላ መጋረጃ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ኢዮሲኖፊልን በሰዓታት ውስጥ ከደም ያጠፋዋል። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ደም ብትሰጡ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። ፌስታሉ ውስጥ «ኢዮሲኖፊል 1 በመቶ» የሚል ወረቀትም ነበር፤ ቀኑን ሳመሳክር ፕሬድኒሶሎኑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን የተሠራ ነው።

ዓይነቶቹን በተመለከተ፣ ሐኪሞች ዛሬ በሁለት ይከፍሏቸዋል። መለያው አንካ የሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ሰውነት በራሱ ነጭ ሕዋስ ላይ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል። ከሕሙማኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ይገኛል። አንካ ያለባቸው ላይ ነርቭ፣ ኩላሊትና ሐምራዊው ነጠብጣብ ይበዛል፤ አንካ የሌለባቸው ላይ ሳንባና ልብ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘር ጥናትም ሁለቱ በዘራቸውም እንደሚለያዩ አሳይቷል። ድንበሩ ግን የአጥር ያህል ጥብቅ አይደለም። አክስቴ ነርቯ ተመቶ አንካዋ ኔጌቲቭ ነው የመጣው። ስለዚህ «አንካ የለም፣ እንግዲህ በሽታው አይደለም» የሚላችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት በልብ ነው፤ ልብ ደግሞ ሳይናገር ሊጎዳ ይችላል። የልብ አልትራሳውንድ ምንም ሕመም ባይሰማችሁም መነሣት ያለበት ለዚህ ነው።

በማግሥቱ ይዣት ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የራሴ ቤተሰብ ስለሆነች ራሴ አላከምኳትም፤ ለባልደረባዬ አሳልፌ ሰጠኋት፤ ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው። የነርቭ ምርመራ፣ የሽንት፣ የኩላሊት፣ የልብ፣ የሳይነስና የደረት ሲቲ ስካን ተሠራላት። ከነርቭና ከጡንቻ ናሙና ተወሰደ። በየደጁ የተጠራቀመው ፌስታል ግን ከሁሉም ምርመራ በላይ ረዳ፤ አራት ዓመት የተሠራ ደም ተራ በተራ ተቀመጠና ታሪኩን ተናገረ።

ሕክምናው ሳይጀመር ሁለት ነገር ተደረገ፤ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አንደኛው ስትሮንጂሎይድስ ነው። ይህ ትል ከአፈር በባዶ እግር በኩል ይገባል፤ ከሌሎች ትሎች የሚለየው ሰው ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርት ዓመታት መኖር በመቻሉ ነው። በተለመደው የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይታይም። በአንድ ፍሬ አልበንዳዞልም በቀላሉ አይጠፋም። ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን የጀመረ ቀን ግን መከላከያው ይወድቅና ትሎቹ ያለ ልክ ይባዛሉ፣ ከአንጀት አልፈው ሳንባና አንጎል ይደርሳሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያም ይዘው ይገባሉ። ይህ ሲሆን ብዙዎች ይሞታሉ። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ አገር፣ ኢዮሲኖፊሉ ከፍ ያለ ሰው ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ወይም በጀመረበት ዕለት አይቨርሜክቲን ይሰጠዋል። መድኃኒቱን በምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለኦንኮሰርካ በዘመቻ ሲውጡት ስለኖሩ ስሙ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። «ትል ነው» ያሉት ሰዎች እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ትሉም ሊኖር ይችላል፣ በሽታውም ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ተኝቶ የቆየ ቲቢ በእነዚህ መድኃኒቶች ሊነሣ ስለሚችል ቀድሞ ይፈተሻል፤ ካስፈለገም መከላከያ መድኃኒት ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ይጀምራል። መሠረቱ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ አካልን የሚያሰጋ ሲሆን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ገደማ በየቀኑ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ለሦስት ቀን በደም ሥር የሚሰጥ ጠንከር ያለ መጠን። ሳንባና አፍንጫ ብቻ ከሆነ ይኸው ሊበቃ ይችላል። ልብ፣ ኩላሊት፣ አንጀት፣ አንጎል ወይም እንደ አክስቴ ነርቭ በከባዱ ከተነካ ግን ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመራል፤ ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ሪቱክሲማብ። አክስቴ ሳይክሎፎስፋማይድን በደም ሥር ስድስት ጊዜ ወሰደች። ይህ መድኃኒት ለካንሰርም የሚሰጥ ስለሆነ የሆስፒታሉን ክፍል ስም ስታነብብ «ልጄ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አለችኝ። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ካንሰር አለመሆኑን በሩ ላይ ሳይሆን ቤት ሳላችሁ ንገሩት። ልጅ መውለድ የሚፈልጉ ወጣቶች ደግሞ መድኃኒቱ መካን ሊያደርግ ስለሚችል ሳይጀምሩ መነጋገር አለባቸው። ብግነቱ ሲበርድ በአዛቲዮፕሪን ወይም በሜቶትሬክሴት ይቀጥላል፤ ፕሬድኒሶሎኑም በዝግታ ይቀንሳል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቀጥታ ኢዮሲኖፊሉን የሚያነጣጥሩ መርፌዎች መጥተዋል። ሜፖሊዙማብ ኢዮሲኖፊልን የሚያሳድገውን ኢንተርሉኪን 5 የሚባል መልእክተኛ ይይዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው የ136 ሰዎች ሙከራ፣ መርፌውን ካገኙት ውስጥ 32 በመቶው በ36ኛውና በ48ኛው ሳምንት ከበሽታው ምልክት ነጻ ሆነው ሲገኙ፣ ካላገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ለዚህ በሽታ ፈቀደችው። ቤንራሊዙማብ የተባለው ሌላው መርፌ በ2024 እ.ኤ.አ. ከእሱ እንደማያንስ ታይቶ ተፈቀደ። እነዚህ በአብዛኛው የተፈተኑት በሽታው ለሚመላለስባቸውና ሕይወትን በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ላልሆኑ ነው። ውድ ናቸው፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ከሠፈር መድኃኒት ቤት የሚገዙ አይደሉም። ደግነቱ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት አሮጌዎቹና ርካሾቹ መድኃኒቶች ናቸው። ከፕሬድኒሶሎን በፊት ይህ በሽታ ገዳይ ነበር፤ ዛሬ በጊዜው ከታከሙት ከ10 ሰው 9 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ።

ቤት ከተመለሰች በኋላ የገጠመን ፈተና ግን መጽሐፍ ላይ የሌለ ነበር። ዐቢይ ጾም ገባ። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ መድኃኒቱን «እንደ ምግብ ነው» ብላ ወደ ማታ አስተላለፈችው፤ ማታ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ እንቅልፍ ነሳት። ቀጥሎ ሱባኤ ልግባ፣ ጠበል ልጠመቅ፣ መድኃኒቱን ሰባት ቀን ላቁመው አለች። ደነገጥኩ። ለወራት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ይዘነጋል፤ በድንገት ሲያቆም የደም ግፊቱ ወርዶ፣ አቅሉን ስቶ ሊሞት ይችላል። ብጮኽባት ኖሮ አትሰማኝም ነበር። የንስሐ አባቷ ዘንድ ደወልኩና ጉዳዩን አስረዳኋቸው። እሳቸው ናቸው «መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ ጠበሉንም ጠጪ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» ያሏት። ጾሙን በሌላ መንገድ እንድትጾም አደረጓት። ወተትና እንቁላል ለሁለት ወር ስለሚቀር ለአጥንቷ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጨመርንላት፤ ጨው ቀነሰች፤ ስኳሯና ግፊቷ ሉማሜ ውስጥ በየወሩ ይለካል።

ከእናንተ መካከል ይህን ስታነብቡ «የኔም አስም እኮ ዘግይቶ ነው የጀመረኝ» ያላችሁ ትኖራላችሁ። አትደንግጡ። ዘግይቶ የጀመረ አስም ብዙ ነው፤ ይህ በሽታ ግን ብርቅ ነው። ዘግይቶ በጀመረ አስም ላይ የማይለቅ ሳይነስ ወይም ፖሊፕ ካለ፣ ኢዮሲኖፊሉ ተባዝቶ ከ1,000 በላይ ከሆነና የትል መድኃኒት ተወስዶም ካልወረደ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እግር ወይም የእጅ አንጓ ድንገት ከሰነፈ፣ የማይጠፋ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ሽንት ከቀላ ወይም ደረት ከተጨነቀ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ነርቭ በቀን ውስጥ ይሞታል፤ ለማገገም ዓመት ይፈጃል። ለሐኪሙም ባለፉት ወራት ፕሬድኒሶሎን ወስዳችሁ እንደሆነ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ የሚቻል ከሆነም መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት የተሠራውን ደም አሳዩት።

አክስቴ አሁን ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ፕሬድኒሶሎኗ 5 ሚሊ ግራም ላይ ደርሷል፤ አስሟ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ኢዮሲኖፊሏ ባለፈው ወር 180 ነበር። እጇ ተመልሷል። እግሯ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ደክሟት ስትውል ጣቶቿ መሬት ይነካሉ። ኮንጎውን ትታ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሰንደል ገዝተንላታል። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር። «ጫማውስ?» አልኳት። «ቀኙን አጥብቄ፣ ግራውን ላላ አድርጌ አስሬዋለሁ፤ ቄሱ ግን ሁለቱንም ደጅ አስወለቁኝ» አለችና ሳቀች።